ጥያቄና መልስ፦ ስፔን አገር በቤተሰብ ቤት ተቀምጦ መማር

ስፔን ገብተው ቤተሰብ ዘንድ ያረፉ ተማሪዎች ከላኩልን ጥያቄዎች የተወሰኑትን እነሆ። ሰዓቶቹን የጻፍነው በስፔን አቆጣጠር፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 በሚቆጠረው ነው።

ጥያቄ፦ ሳላማንካ ከገባሁ አራተኛ ቀኔ ነው። ቁርስ ቡና በወተትና አንድ ቁራጭ የተጠበሰ ዳቦ ነው፤ እራት የሚቀርበው 22፡00 ሲል ነው። መሃል ላይ አንጀቴ ይታጠፋል። ምግብ መጠየቅ ነውር ይሆን?

መልስ፦ ነውር አይደለም። እንዲያውም ባለቤቶቹን የሚያስጨንቃቸው ዝም የሚል እንግዳ ነው፤ ዝምታውን የሚተረጉሙት "ቤታችንን አልወደደውም" ብለው ነው።

የስፔን ዋና ምግብ ምሳ ነው፤ ከ14፡00 እስከ 15፡30 ባለው ጊዜ ይበላል። ብዙ ጊዜ በሁለት ዙር ይቀርባል፦ መጀመሪያ ምስር፣ ሾርባ ወይም ሰላጣ፣ ቀጥሎ ሥጋ ወይም ዓሣ፣ በመጨረሻ ፍራፍሬ ወይም እርጎ። አዲስ ገቢ እዚህ ላይ በሁለት መንገድ ይሳሳታል። አንዱ ምስሩን አስጨምሮ ይጠግብና ሥጋው ሲመጣ መቅመስ ያቅተዋል። ሌላው በይሉኝታ ጥቂት ቀማምሶ ይነሣና እስከ እራት በረሃብ ይንገላታል። "ኖ፣ ግራሲያስ" (አይ፣ አመሰግናለሁ) ካሉ ደግሞ እንደ እውነተኛ መልስ ሊወሰድ ስለሚችል፣ እስኪለምኑዎት አይጠብቁ።

በምግቦቹ መካከል ሁለት መቆያዎች አሉ፤ ረፋድ 11፡00 ገደማ የሚበላ ሳንድዊች እና ከ17፡30 እስከ 18፡30 ያለው "ሜሪየንዳ"። ማቀዝቀዣውን ሳይጠይቁ አይክፈቱ፤ "ፑዌዶ ኮሜር አልጎ?" (የሆነ ነገር መብላት እችላለሁ?) ብለው አንድ ጊዜ ቢጠይቁ ከየትኛው መደርደሪያ ማንሳት እንደሚችሉ ያሳዩዎታል። ውልዎንም ይመልከቱ። "ሜዲያ ፔንሲዮን" ከሆነ የሚቀርብልዎ ቁርስና አንድ ምግብ ነው፤ "ፔንሲዮን ኮምፕሌታ" ከሆነ ሦስቱም። ክፍል ለምሳ የማያደርስዎት ከሆነ ዋዜማውን ማታ የሚያዝ ሳንድዊች ይጠይቁ። እራት የማይገቡ ከሆነ እነሱ ገበያ ሳይወጡ፣ ከቀትር በፊት ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የማልነካባቸው ቀናት አሉ። ሥጋ እንደማልበላ ተናግሬ ሳለ ምስር በቾሪሶ (በአሳማ ሥጋ ቋሊማ) ቀረበልኝ። እየናቁኝ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ብዙ ቤት "ሥጋ" ሲባል የሚታሰበው ከሳህኑ መሃል የሚቀመጠው ቁራጭ ነው። ለማጣፈጫ የገባ ቾሪሶ፣ የተከተፈ ሃሞን (በጨው የደረቀ የአሳማ ሥጋ)፣ የአጥንት መረቅ ወይም ሰላጣ ላይ የተበተነ ቱና አይቆጠርም። ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ዝርዝሩን ይስጡ፦ "ሲን ካርኔ፣ ሲን ሃሞን፣ ሲን ፔስካዶ፣ ሲን ዌቦ፣ ሲን ሌቼ" (ያለ ሥጋ፣ ያለ ሃሞን፣ ያለ ዓሣ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት)። ቀናቱን ኩሽና ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ያድርጉባቸው፤ ዕለቱን ጠዋት መናገር ምሳ ከተጣደ በኋላ ስለሚሆን አብሳይዋን ያስቀይማል። ያው ከሚበሉት ውስጥ የሚስማሙዎትን ቢጠቁሙ ለእነሱም ይቀላል፤ ለምሳሌ ዳቦ በቲማቲምና በወይራ ዘይት፣ ሽምብራ በስፒናች፣ ጋስፓቾ (ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ)፣ ያለ ቾሪሶ የተሠራ ምስር። "ፒስቶ" የሚሉት የአትክልት ወጥም ጥሩ ነው፤ ላዩ ላይ እንቁላል እንዳይጠበስበት ብቻ ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ የተማሪ ቪዛዬ ከ6 ወር በላይ ነው። የቤቱ እመቤት በአድራሻቸው እንድመዘገብ አልፈለጉም። መመዝገቡ የግድ ነው? የቱን ላስቀድም?

መልስ፦ የግድ ነው። በስፔን የሚኖር ሰው ሁሉ በሚኖርበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት የነዋሪዎች መዝገብ ላይ መስፈር እንዳለበት በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ያዛል። ምዝገባው "ኤምፓድሮናሚየንቶ" ይባላል። ቤቱ በስምዎ ስላልሆነ የቤቱ ሰው የፈረመው ፈቃድና የመታወቂያ ቅጂ ይጠየቃል፤ ብዙ ቦታም የቤቱ ውል ይጨመርበታል።

ቤተሰቦች የሚያቅማሙበት ምክንያት አላቸው። አንዳንዶቹ ራሳቸው ተከራይ ናቸው፤ አከራያቸው እንግዳ መቀበላቸውን አያውቅም። ሌሎቹ በቤቱ የተመዘገበው ሰው ሲበዛ ከመንግሥት የሚያገኙት ድጎማ እንዳይነካባቸው ይሰጋሉ። ገና ያልሄዳችሁ አንባቢዎች "በዚህ አድራሻ መመዝገብ እችላለሁ?" የሚለውን ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፤ በእኛ ግምት ከመኝታ ቤቱ ፎቶግራፍ የበለጠ የሚጠቅመው ይህ መልስ ነው። እርስዎ ግን ከቤተሰቡ ጋር ያገናኘዎትን ቢሮ ዛሬውኑ ያነጋግሩ፤ እምቢታው ከጸና ቤት መቀየር ነው።

መቸኮሉ አለምክንያት አይደለም። ከ6 ወር በላይ የሚቆይ ተማሪ የውጭ ዜጋ መታወቂያውን፣ "ቲዬ" የሚሉትን፣ ስፔን በገባ በ1 ወር ውስጥ ማመልከት አለበት። ቀጠሮው በኢንተርኔት ይያዛል፤ በትልልቅ ከተሞች በቀላሉ ስለማይገኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሞክሩ። በቀጠሮው ቀን ፓስፖርት ከነቅጂው፣ የተሞላ ኢኤክስ-17 ቅጽ፣ ነጭ ጀርባ ያለው 32 በ26 ሚሊ ሜትር ፎቶግራፍና ባንክ የተከፈለበት የ790-012 ቅጽ ይያዙ። ብዙ ቢሮዎች ከ3 ወር ያልበለጠ የነዋሪነት ማስረጃም ይፈልጋሉ። ሰው የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በ790ው ቅጽ ነው፦ ብዙ የአገልግሎት ዓይነት ስለተዘረዘረበት የመጀመሪያ ፈቃድ በሚለው ፈንታ እድሳቱን ምልክት አድርጎ የተሳሳተ ሂሳብ ይከፍላል። በዕለቱ አሻራ ይሰጣሉ፤ ካርዱ የሚደርሰው ከሳምንታት በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ፀጉሬን በማድረቂያ ሳደርቅ የቤቱ መብራት በሙሉ ጠፋ። ምን አበላሸሁ?

መልስ፦ ያበላሹት ነገር የለም፤ ቤቱ ከተዋዋለው የኃይል መጠን አልፏል። በስፔን እያንዳንዱ ቤት በአንድ ጊዜ የሚጠቀመውን ኃይል ተዋውሎ በየወሩ ይከፍልበታል፤ 3.45 ወይም 4.6 ኪሎ ዋት የተዋዋለ አፓርታማ ብዙ ነው። ማድረቂያው 2 ኪሎ ዋት ከሳበ፣ ምድጃውና ማሞቂያው ከበሩ ቆጣሪው ይቆርጣል። መፍትሔው አንዱን ዕቃ ማጥፋት፣ ከዚያ በመግቢያው በር አጠገብ ባለው ሳጥን ዋናውን ማብሪያ ዝቅ አድርጎ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ማንሳት ነው። ሳያሳዩዎት ግን አይንኩት።

ልብስ ማጠቢያው በሥራ ቀን የማይከፈተውም ለዚሁ ሂሳብ ነው። በሰዓት በተከፈለው ታሪፍ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ10፡00 እስከ 14፡00 እና ከ18፡00 እስከ 22፡00 መብራት ውድ ነው፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ 8፡00 እንዲሁም ቅዳሜና እሑድ ይረክሳል። ሙቅ ውኃም ገደብ አለው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው 50 ሊትር ከሆነ ሁለት ሰው ረዘም አድርጎ ከታጠበ ሦስተኛው ቀዝቃዛ ይደርሰዋል። 12.5 ኪሎ ግራም በሚይዘው ብርቱካናማ ሲሊንደር የሚሠራ ከሆነ ጋዙ ሳሙና ላይ እንዳሉ ሊያልቅ ይችላል። የመታጠቢያ ሰዓትዎን ይጠይቁ፤ ሳሙና ሲቀቡ ውኃውን ይዝጉ።

ጥያቄ፦ ሲያወሩ አልከተላቸውም። ክፍሌ ገብቼ መቀመጥ አበዛሁ።

መልስ፦ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ የሚቆየውን ወሬ ሃያ ደቂቃ ያህል ይቀመጡበት፤ መናገር አይጠበቅብዎትም። "ማስ ዴስፓሲዮ፣ ፖር ፋቦር" ቢሉ ቀስ ይሉልዎታል። ባርሴሎና ወይም ቫሌንሲያ ከሆኑ ግን እርስ በርስ የሚያወሩት ካታላንኛ ወይም ቫሌንሲያንኛ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው ያጣሩ።

ጥያቄ፦ በባዶ እግሬ ስሄድ ለምን ይቆጡኛል? ቁልፍስ መቼ ልጠይቅ?

መልስ፦ የቤት ነጠላ ጫማ ይግዙ፤ በባዶ እግር መሄድ ብዙ ቤት አይወደድም። ቁልፉን በመጀመሪያው ቀን ይቀበሉ፤ የመንገዱ በርና የቤቱ በር ለየብቻ ናቸውና ሁለቱንም ቤተሰቡ ቤት እያሉ ይሞክሯቸው። ማታ ሲገቡ ቁልፉን ከውስጥ በኩል ሰክተው አይተዉት፤ ብዙ ቁልፎች እንዲህ ሲሆኑ ከውጭ አይከፈቱም፣ ዘግይቶ የሚመጣ የቤቱ ሰው ካለም ደጅ ይቀራል።