ለምርጫ የቀረበ ሁሉ የዊኪፔዲያ ገጽ ይገባዋል?

«የአክስቴ ልጅ ለከተማ ምክር ቤት ይወዳደራል። የጻፍኩለትን የዊኪፔዲያ ገጽ ሰረዙብኝ። ዕጩ ሁሉ ገለልተኛ ገጽ አይገባውም ወይ?» ላልሽው እህቴ፣ ነገሩ በእኔም ደርሷል። ትንሽ ላስረዝም ነው፣ ቻይኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ አሜሪካ አንድ የሰፈራችን ሐበሻ ሲወዳደር በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ገጽ ከፈትኩለት። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተሰረዘ። በገንኩ። ሐበሻ ስለሆነ ነው ብዬ ሁሉ ጠርጥሬ ነበር። በረድ ሲልልኝ ኮምፒውተሬ ላይ የቀረውን ጽሑፍ ገልጬ አየሁት። ምንጮቼ የራሱ ድረ ገጽ፣ የቅስቀሳ ወረቀቱና የእኔ አፍ ናቸው። «ለወገኑ ሌት ተቀን የሚተጋ» ብዬም ጽፌያለሁ። ይሄ ገለልተኛ ከሆነ የሠርግ ዘፈንም ገለልተኛ ነው!

በእንግሊዝኛው ደንብ መወዳደር ብቻውን ገጽ አያሰጥም። ለከተማ ምክር ቤት ማሸነፍ እንኳ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ከሰውየው ጋር ንክኪ የሌላቸው ጋዜጦች በሰፊው ጽፈውበት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

ደንቡ እንከን የለውም አልልሽም። እ.ኤ.አ. በ2020 ቴሬሳ ግሪንፊልድ በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት የዲሞክራቶች የሴኔት ዕጩ ነበረች። በሦስት ወር ብቻ ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስባለች። ያም ሆኖ ምርጫው ጥቂት ቀናት እስኪቀሩት ድረስ የራሷ ገጽ አልነበራትም። ተፎካካሪዋ ጆኒ ኧርነስት ግን ያኔ ሴናተር ስለነበረች ገጿ ከድሮም ነበረ። ይሄ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ማዳላት ነው። እዚህ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ።

እኔን ሐሳቤን ያስቀየረኝ ግን ሌላ ነው። አማርኛው ዊኪፔዲያ ላይ ስለ አንድ ተወዳዳሪ አራት መስመር የማይሞላ ገጽ ነበር። ንጹሕ፣ ማንንም የማይነካ። አንድ ቀን በአጋጣሚ ስከፍተው «በሙስና ታስሮ የተፈታ» የሚል ተጨምሮበታል። ምንጭ የለው፣ ምን የለው። የገጹን የለውጥ መዝገብ ሳየው ነገሩ ከገባ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ማንም አላየውም፤ ወይም ያየው ሁሉ አምኖት ሄዷል። በእንግሊዝኛውም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2005 ጋዜጠኛው ጆን ሲገንታለር በኬኔዲ ግድያ ተጠርጥሮ ነበር የሚል ውሸት አራት ወር ያህል ተቀምጧል። እዚያ በሺዎች የሚቆጠር አርታኢ አለ። እኛ ጋ ስንት ሰው ነው ማታ ማታ ገጽ የሚጠብቀው? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤታችን 547 ወንበር አለው። ለአንዱ ወንበር ሦስት ሰው ቢቀርብ እንኳ ከ1,600 ገጽ በላይ ነው። ያውም በምርጫ ሰሞን፣ ሁሉም ጥርሱን ነክሶ ባለበት ጊዜ። ገለልተኛ አድርጎ መጻፍማ ቀላል ነው፤ ጭንቁ በማግስቱ ነው።

ስለዚህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ስለ ምርጫው ራሱ የተጻፈ ገጽ ካለ፣ የልጁ ስም ከተፎካካሪዎቹ እኩል እዚያ ይግባ። አንድ መስመር ይበቃዋል። ጋዜጦች ስለሱ በደንብ ሲጽፉ ቆርጠሽ አስቀምጪ። ያኔም ገጹን ራስሽ አትክፈቺ። ረቂቁን አዘጋጅተሽ ሌላ ሰው እንዲገመግመው አቅርቢ፤ የአክስትሽ ልጅ መሆኑንም ከላይ ጻፊበት። እኔ ከሰውየው ጋር መተዋወቄን ደብቄ ነበር። ሲደርሱብኝ ያፈርኩትን አልነግርሽም።