ከሰላጣው በፊት ስለ ውኃው ጠይቁ

ይድረስ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በገላንና በአቃቂ ጎጆ ለወጣችሁ ልጆቼ፣

ጾም ሲገባም ሆነ ኪስ ሲሳሳ አትክልት ማብዛታችሁ ደግ ነው። ገበያ ስትወጡ ግን ከዋጋው በፊት «በምን ውኃ የለማ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ተሸክሞ ይወርዳል፤ በዳርና ዳሩ ደግሞ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ይለማል። ቅጠሉ ለምለም ስለሆነ ዓይን ይስባል። የወስፋት እንቁላልና አሜባ ግን በእጥፋቱ ውስጥ ይሸሸጋሉ። ብዙ ሰው ቅጠሉን አቼቶ ወይም በረኪና ጠብ ባለበት ውኃ ዘፍዝፎ ልቡን ያሳርፋል፤ ሁለቱም እነዚህን አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይገድሉም። እያንዳንዱን ቅጠል ነጥሎ ከቧንቧ በሚወርድ ውኃ ፊትና ጀርባውን ማሸት ይሻላል፤ ያም ቢሆን ሁሉንም አያነሳም። ከፋብሪካ የሚመጣው እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያለው ከባድ ብረት ደግሞ አትክልቱ ውስጥ ስለሚገባ በማጠብ አይለቅም። ስለዚህ ከወንዙ ዳር የለማ መሆኑን ካወቃችሁ ሥሩንም ቅጠሉንም ተዉት። ምንጩን ካላወቃችሁ ደግሞ ጥሬ ቅጠል ይቅርባችሁና የሚላጠውን ወይም የሚቀቀለውን ምረጡ፤ ካሮት፣ አቮካዶ፣ ድንች፣ ቀይ ሥር።

ቀይ ሥር ከነቅጠሉ ካገኛችሁ ግዙ። ከቆስጣ ጋር አንድ ዘር ነው፤ ለጋ ቅጠሉን በሽንኩርት ጠበስ አድርጋችሁ ብሉት። ሥሩን ስትቀቅሉ አንገቱን ሁለት ጣት ያህል አስቀሩ፣ ጭራውን አትቁረጡ፣ አትላጡትም። ከተቆረጠበት በኩል ቀለሙ ይፈሳል፤ ፎሌት የሚባለው ቫይታሚንም ከውኃው ጋር ይደፋል። ፎሌት ደግሞ ለጽንሱ ኅብለ ሰረሰር አፈጣጠር ስለሚያስፈልግ ሴቶች ልጆቼ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ሊያገኙት ይገባል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከፍታቸው 2,300 ሜትር ገደማ በመሆኑ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በውጭ አገር የምግብ አሠራር የተጻፈው 40 ደቂቃ እዚህ አይበቃም፤ መካከለኛው ቀይ ሥር አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ቢላው ሳይያዝ ገብቶ ከወጣ በስሏል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከትታችሁ በአውራ ጣት ስትገፉት ልጣጩ ሹልክ ይላል።

ለአራት ሰው 3 ቀይ ሥር፣ 2 ድንችና 2 ካሮት ይበቃል፤ ሁሉም ተቀቅሎ፣ ቀዝቅዞ፣ በትንንሹ ይከተፍ። መጀመሪያ ቀይ ሥሩን ብቻውን በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት እሹት፤ ዘይቱ ሲሸፍነው ድንቹን ቶሎ አያቀላውም። ከዚያ ሌላውን፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። ዘይቱን አትፍሩት። የካሮቱን ቤታ ካሮቲን፣ ማለትም ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠውን ቀለም፣ ሰውነት በደንብ የሚቀበለው ቅባት ሲኖር ነው። ከሁለት ማንኪያ ማለፍ ግን አያስፈልግም።

የቲማቲም ሰላጣ ውኃ አቀረረ የሚባለው ጨው ቀድሞ ስለሚገባበት ነው፤ ጨው ውኃውን ይስባል። ቀይ ሽንኩርቱን በስሱ ከትፋችሁ ከሎሚና ከጨው ጋር 10 ደቂቃ አቆዩት፤ ቁጣው ይበርዳል። ቲማቲሙ ገበታው ሲቀርብ ይቀላቀል። ቃሪያ አትንፈጉት፤ በቫይታሚን ሲ ከቲማቲም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህ ቫይታሚን የምስሩንና የጤፉን አይረን፣ ማለትም ለደም የሚያስፈልገውን ማዕድን፣ ሰውነታችሁ እንዲቀበለው ያግዛል። ቡናና ሻይ ግን ያንኑ አይረን ስለሚያስቀሩት ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ።

ጥሬ ሥጋ የተከተፈበትን መክተፊያ ለሰላጣ አትጠቀሙ። የቲማቲም ሰላጣ አይደር፤ የቀይ ሥሩ ፍሪጅ ካለ ለማግስት ይሆናል። ቀይ ሥር በበላችሁ ማግስት ሽንታችሁ ቢቀላ አትደንግጡ፤ ሳትበሉ ከቀላ ወይም ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ግን ጤና ጣቢያ ሂዱ።