ናርጊስን ከየትኛው ፊልም ልጀምር ላልሽው

«ማዘር ኢንዲያን ከእናቴ ጋር አየሁ። ናርጊስ ሌላ ምን ሰርታለች? ከየቱ ልጀምር?» ላልሽው እህቴ፣ እኔም የህንዷን ተዋናይት ናርጊስን ማየት የጀመርኩት ከዚያው ፊልም ነው። እናቴ በልጅነቷ ሲኒማ ቤት አይታዋለች። በኋላ ካሴት ተከራይተን ቤት ስናይ፣ ገና ሳይጀመር ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። ሂንዲ አንድ ቃል አትችልም፤ ግን እስከ መጨረሻው ስትተረጉምልን ነበር።

ችግሩ፣ ለብዙ ዓመት ናርጊስ ስትባል በማዘር ኢንዲያ የምትጫወታት ሽበታም ባልቴት ብቻ ነበረች የምትታየኝ። ስለዚህ አንቺ አዋራን እይ። በ1951 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከተዋናይና ዳይሬክተሩ ራጅ ካፑር ጋር የሰራችው ነው። እዚያ ጠበቃ ናት፣ የዋና ልብስ የምትለብስ ዘመናዊ ሴት። ከዚያ የ1955ቱን ሽሪ 420። ዝናብ ላይ በአንድ ጃንጥላ ስር የሚዘፍኑበትን ቦታ ሁለት ጊዜ እይው፤ እኔ ስንቴ እንዳየሁት አልናገርም።

ከዚያ ወደ ማዘር ኢንዲያ ተመለሺ። ያቺ አሮጊት ፊልሙ በ1957 ሲወጣ 28 ዓመቷ ነበር! አመፀኛ ልጇን ቢርጁን የሰራው ሱኒል ዳት ደግሞ እኩያዋ ነው፤ በአምስት ቀን ብቻ ትበልጠዋለች። ሽበቱ የሜካፕ ስራ ነው እንበል። አረማመዷስ? ጠመንጃውን ስታነሳ የፊቷ ነገርስ?

የማዘር ኢንዲያ ቀረጻ ላይ የሚነደው ድርቆሽ እውነተኛ እሳት ነበር፣ ከበባት። ዘሎ ገብቶ ያወጣት ሱኒል ዳት ነው፤ ሁለቱም ተቃጠሉ። በ1958 ተጋቡ። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ልጇን?!» ብላ ጮኸች። እስካሁን አልተዋጠላትም።

ትክክለኛ ስሟ ፋጢማ ራሺድ ነው። እናቷ ጃዳንባይ ዘፋኝም ፊልም ሰሪም ስለነበሩ ገና በስድስት ዓመቷ አካባቢ ካሜራ ፊት ቆማለች። ካገባች በኋላ ግን ትወናውን ተወችው ማለት ይቻላል። በ1981 በቆሽት ካንሰር አረፈች፣ በ51 ዓመቷ። ልጇ ሳንጄይ ዳት በመሪ ተዋናይነት የሰራበት የመጀመሪያ ፊልም ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት። ይሄ ሁሌ ያንገበግበኛል።

ራት ኦር ዲን የሚባለውን የ1967 ፊልሟን መጨረሻ ላይ እይው። ቀን ጨዋ የቤት እመቤት ናት፣ ማታ ፍጹም ሌላ ሴት። የህንድን ብሔራዊ ሽልማት ያገኘችበት ነው። እናትሽን ግን ለዚህኛው አትጥሪያቸው፤ የሚያስለቅስ አይደለም፣ ይሰለቻሉ።