ሁለቱም ክኒኖች ቢጫ ናቸው

አብሽሪ እህቴ። ትናንት ማታ ጥያቄሽን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «ኮምቦልቻ ነን። የእናቴ ጣቶች አብጠው ሐኪም ሜቶትሬክሴት አዘዘላት። ጎረቤት ደግሞ የካንሰር መድኃኒት ነው አትንኪው አላት። ምን ትላላችሁ?» ነው ያልሽው። እኔ ደሴ ነኝ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሩማቶይድ አርትራይተስ ከሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ጋር 6 ዓመቴ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን በዚሁ መድኃኒት ሞት አፋፍ ደርሼ ተመልሻለሁ፣ አሁንም እየዋጥኩት ነው። ስለዚህ ስሚኝ።

1. ብርድ ነው የሚሉሽን ተያቸው። እኔንም «የጦሳ ተራራ ብርድ ገብቶሽ ነው» ብለው የሀረጎን ቁልቁለት አውርደው ኮምቦልቻ እህቴ ቤት 4 ወር አስቀመጡኝ። ሙቀቱ ደስ ይላል። እብጠቱ ግን አብሮኝ መጣ። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚሉት ይሄ ነገር፣ ሰውነታችንን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያችንን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። እናትሽን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፤ ጠዋት ሲነሱ እጃቸው ስንት ሰዓት ይቆያል ሳይፍታታ? የኔ ከአንድ ሰዓት በላይ ነበር። መቀስ በሁለት እጅ ይዤ ጨርቅ የቆረጥኩበት ጊዜ አለ። የደንበኛ ልብስ እያበላሸሁ ስንት ሰው አስቀየምኩ መሰለሽ።

2. በመርፌ ማታለልን አቁሙ። ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታሶን የሚባሉ ማስታገሻዎች ተወግቼ 3 ቀን ንግሥት እሆናለሁ፣ በ4ኛው ቀን እዚያው ነኝ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ፊቴ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ፣ «ወፈርሽ፣ ተመቸሽ» ይሉኝ ነበር። ሕመሙ ጋብ ሲል በሽታው ከስር መገጣጠሚያውን እየበላ ነበር። የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት እስከዛሬ ቆልማማ ናት። የመጀመሪያው የደም ምርመራ፣ አርኤፍ (ሩማቶይድ ፋክተር) የሚሉት፣ ነጌቲቭ ሲል ደግሞ «ምንም የለሽም» ተባልኩ። በሽታው እያለም ነጌቲቭ የሚሆንባቸው ብዙ ሰዎች እንዳሉ ማንም አልነገረኝም። በኋላ አንቲ ሲሲፒ የሚባለው ምርመራ ነው ያጋለጠው።

3. የካንሰሩ ወሬ። ጎረቤቶቻችሁ አልዋሹም፣ ግማሹን ነው የነገሯችሁ። ለካንሰር የሚሰጠው በጣም በብዙ መጠን ነው። ለእኛ ግን በሳምንት አንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ7.5 እስከ 25 ሚሊግራም። ሐኪሜ ሲያስረዳኝ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካኖች ጥናት አለ አለኝ። 35 ታማሚዎች ናቸው፤ ለ24 ሳምንት መድኃኒቱንና ባዶ ክኒኑን በየተራ ወሰዱ፣ የቱን እንደወሰዱ እነሱም ሐኪሞቹም ሳያውቁ። መድኃኒቱን ሲወስዱ እብጠታቸው ቀነሰ። ዛሬ በዓለም ላይ መጀመሪያ የሚታዘዘው እሱ ነው። ግን ቶሎ አይሠራም፤ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። በ2ኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» እንዳይሉሽ።

4. እዚህ ላይ ልብ በይ። በሳምንት አንዴ ነው ያልኩሽን ድገሚው። በሳምንት አንዴ!

እንዲህ ሆነ። ሐኪሜ ሰኞ ሰኞ 4 ፍሬ ሜቶትሬክሴት፣ በሌሎቹ ቀናት ደግሞ አንድ አንድ ፎሊክ አሲድ አዘዘልኝ። ፎሊክ አሲዱ ቫይታሚን ነው፣ የመድኃኒቱን ጉዳት እንዲቀንስ ነው። ፋርማሲው (ስሙን አልጠራም) ሁለቱንም በትንንሽ ፌስታል ቋጥሮ ሰጠኝ። ሁለቱም ቢጫ፣ ሁለቱም ክብ፣ ሁለቱም ሚጢጢ። በአንዱ ላይ «በቀን 1»፣ በአንዱ ላይ «ሰኞ 4» ተጽፏል። ደስ አላለኝም። «ወንድሜ፣ የሳምንቱ የትኛው ነው?» አልኩት። ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሳ «ማንበብ አትችይም እንዴ? ተጽፏል እኮ!» አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። አፍሬ ወጣሁ።

ማንበብማ እችላለሁ። አገላብጦ የጻፈው እሱ ነው።

ሜቶትሬክሴቱን በየቀኑ ዋጥኩት። 16 ፍሬ ነበር፤ 2 ሲቀረው አፌ ውስጥ በሙሉ ቆሰለ። ሽሮ ሲነካኝ እሳት ነው። ውኃ እንኳ በማንኪያ ነው የምጠጣው። ከዚያ ትኩሳት። ታናሽ ወንድሜ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰደኝ። ነጭ የደም ሴሌ ወርዶ ወርዶ ሐኪሟ ወረቀቱን ሁለቴ አየችው። «የምትወስጂውን ሁሉ አምጪ» አለች። ፌስታሎቹን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አንዱን ፍሬ አንስታ ላዩ ላይ የተቀረጸውን በስልኳ መብራት አነበበች። ዝም አለች። ማርከሻው ፎሊኒክ አሲድ ነው፣ ልብ በይ፣ ከፎሊክ አሲድ ይለያል። 11 ቀን ተኛሁ።

ፋርማሲው ጋ ሄጄ ስናገር «ማስረጃ አለሽ?» አሉኝ። የሐኪሙን ወረቀት እነሱ ነዋ ያስቀሩት! ፌስታሉ ደግሞ ሆስፒታል ቀርቷል። ስለዚህ እህቴ፣ ወረቀቱን በመስኮት ከመስጠትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው። መድኃኒቱን በማሸጊያው ስጡኝ በይ፣ ፌስታል አልቀበልም በይ። ቢስቁም ይሳቁ።

5. ደም ምርመራ እንዳትዘሉ። የደም ሴል ቆጠራ፣ ጉበት፣ ኩላሊት፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ጠላም አረቄም ይቅርባቸው። ሌላ ሐኪም ጋ ሲሄዱ ሜቶትሬክሴት እንደሚወስዱ ይናገሩ፣ ምክንያቱም ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው የተለመደ አንቲባዮቲክ ከዚህ ጋር አይሄድም፣ አደገኛ ነው። ትኩሳት ወይም የአፍ ቁስል ካዩ መድኃኒቱን ሳይደግሙ ሐኪም ጋ ይሂዱ። አንቺም ልጅ የመውለድ ሐሳብ ካለሽ ለራስሽ አትሞክሪው፣ ለጽንስ አይሆንም።

6ኛ ብዬ የጀመርኩት ነገር ነበር፣ ረሳሁት። ብቻ ከዚያ ሁሉ በኋላ ሐኪሜ እንደገና በትንሹ አስጀመረኝ። ፈርቼ ነበር፣ ለመጀመሪያዋ ሰኞ ወንድሜን አጠገቤ አስቀምጬ ነው የዋጥኳት። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ክር በመርፌ ቀዳዳ ያለ መነጽር አስገባለሁ። ባለፈው ወር የሙሽራ ቀሚስ ጨረስኩ፣ ዶቃውን በእጄ ነው የሰፋሁት።

ለእናትሽ ቀን ስትመርጡ የማትረሱት ይሁን። የኔ ሰኞ ነው፤ ደሴ ሰኞ ገበያ ሰፈር ያደገ ሰው ሰኞን አይስትም። ረመዳን ላይ ከኢፍጣር በኋላ እውጠዋለሁ። እናትሽም ሰኞን ከመረጡ በውስጥ መስመር ንገሪኝ፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ እደውልላቸውና አብረን እንውጣለን።