መልስ፦ ፋይንድ ላይ ሴትዩአይዲ ቢት መብራቱ ችግር አለው ወይ?
አለው ወንድሜ፣ ያውም ትልቅ። ፋይንድ ሊኑክስ ላይ ፋይል የሚፈልግ ትእዛዝ ነው፤ ሴትዩአይዲ ቢት ደግሞ ፕሮግራሙን ማንም ቢያስነሳው በባለቤቱ ሥልጣን እንዲሠራ የሚያደርግ የፈቃድ ምልክት ነው። "ፋይል ከመፈለግ ውጪ ምን ያደርጋል" ብለሃል፤ ጉዱ እዚያው ላይ ነው። ፋይንድ "ኤግዜክ" የሚባል አማራጭ አለው፣ ባገኘው ፋይል ላይ ሌላ ፕሮግራም ያስነሳል። የፋይንድ ባለቤት ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው አካውንት) ሆኖ ሴትዩአይዲው ከበራ፣ ሰርቨሩ ላይ ተራ አካውንት ያለው ሰው በዚሁ ኤግዜክ ሼል (ትእዛዝ የሚቀበል ፕሮግራም) አስነስቶ ሩት ሆኖ ቁጭ ይላል። "ዲሊት" የሚለውም አለ፣ የፈለገውን ይጠርግልሃል። ኮዱ ላይ ስህተት ስለሌለ ፓች (የስህተት ማረሚያ) አትጠብቅ። ፋይንድ ሲጫን ይህ ቢት አይኖረውም፤ "ፐርሚሽን ዲናይድ" (ፈቃድ የለህም) የሚለው መልእክት የሰለቸው አንድ ሰው ያበራው ነው የሚመስለኝ። ፈቃድ በሚቀይረው ትእዛዝ፣ በቼሞድ፣ "ዩ ሲቀነስ ኤስ" (u-s) ብለህ አጥፋው። ሱዶ (ትእዛዝን በሩት ሥልጣን የሚያስኬደው) ላይ ፋይንድ የተፈቀደለት ተጠቃሚ ካለም ያው ነው፣ አንሳው። ሎኬት (ሌላው ፋይል ፈላጊ ትእዛዝ) ላይ የምታየውን ሴትጂአይዲ (በባለቤቱ ፈንታ በግሩፑ ሥልጣን የሚያሠራውን ቢት) ግን አትንካ፣ እሱ የራሱን ዳታቤዝ እንዲያነብ ብቻ የተሰጠው ነው።