የማያውቁት የአፕል ክፍያ ስቴትመንትዎ ላይ ሲመጣ፦ «ተሰርቄያለሁ» ብለው ከመፈረምዎ በፊት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አዲስ ስልክ ከገዛሁ ወዲህ ከባንኬ ገንዘብ እየተቆረጠ ነው። ስቴትመንቱ ላይ ያለው ‹አፕል ዶት ኮም ቢል› የሚል ብቻ ነው። መጀመሪያ 9.99 ዶላር ነበር፤ ዝም አልኩ። ባለፈው ወር ግን 49.99 ሁለቴ ተቆረጠ። እኔ ምንም አልገዛሁም፤ ካርዴም ከቦርሳዬ አልወጣም። ባንክ ሄጄ ተሰርቄያለሁ ብዬ ላመለክት ነው። ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ማስመለስ ይችሉ ይሆናል። ባንክ ከመሄድዎ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አዲስ ስልክ ከገዙ፣ አሮጌው የት ሄደ?

ይህን አልጻፉልኝም። ደበቁኝ አልልም፤ ከጉዳዩ ጋር የሚገናኝ አልመሰለዎትም ይሆናል። ከእኛ ሰው ዘንድ ግን ይህ ነገር በተደጋጋሚ ያጋጥማል። አሮጌው አይፎን አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ይሰጥና ለወንድም ወይም ለእህት ልጅ ይደርሳል። ከስልኩ ላይ ግን የባለቤቱ የአፕል አካውንት አልወጣም። ካርዱም እዚያው እንደተመዘገበ ነው። ልጁ ጌም ሊያወርድ ሲል «አክስቴ፣ ፓስወርድ እያለኝ ነው» ብሎ በቴሌግራም ይጽፋል። እርስዎም ሥራ ላይ ሆነው ቶሎ ይልኩለታል፤ ከዚያ ይረሱታል።

እንዲህ ነው የሆነው ብዬ አልደመድምም። ሳያጣሩ ባንክ ሄደው እንዳይፈርሙ ግን እለምንዎታለሁ።

ሕጉን ባጭሩ ልንገርዎ። ካርድዎ ዴቢት ይሁን ክሬዲት አልነገሩኝም። ዴቢት ከሆነ፣ ስቴትመንቱ ከተላከልዎ ቀን ጀምሮ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ለባንኩ ማሳወቅ አለብዎት። የሚቆጠረው እርስዎ ካዩበት ቀን ሳይሆን ከተላከበት ቀን ነው። ከ60 ቀኑ በኋላ እስኪያመለክቱ ድረስ የሚቆረጠው በሙሉ በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ 9.99ኙን ዝም ማለትዎ ጥሩ አልነበረም። ባንኩ በመደበኛው 10 የሥራ ቀን አለው፤ ገንዘቡን በጊዜያዊነት ከመለሰልዎ ግን ምርመራውን ሊያራዝም ይችላል። ክሬዲት ካርድ ከሆነ ኃላፊነትዎ ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ አቤቱታው ግን በዚያው 60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መድረስ አለበት።

አሁን ሰዎች ደጋግመው ወደሚወድቁበት ወጥመድ ልምጣ። ባንኩ የሚሰጥዎ ቅጽ «ይህን ክፍያ እኔ አልፈጸምኩም፣ ለማንም አልፈቀድኩም» የሚል ነው። ብዙ ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። «እኔ አልገዛሁም፣ እውነቴን ነው» ይልና ይፈርማል። ሕጉ ግን የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው። የሚከፈልበትን መንገድ ራስዎ ለሰው ከሰጡ፣ ያ ሰው ከተፈቀደለት በላይ ቢገዛም ስርቆት አይባልም፤ ከዚህ በኋላ አልፈቅድለትም ብለው ለባንኩ ካላሳወቁ በቀር። ፓስወርድ መላክ ካርድ እንደመስጠት ይቆጠራል ወይ? ያከራክራል። መፈቀዱን የማስረዳት ሸክምም የባንኩ ነው። ነገር ግን የቴሌግራሙ መልእክት ከተገኘ ክርክሩ ለእርስዎ ከባድ ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የገዛው ልጁ መሆኑን ካወቁ በኋላ መፈረም ነው። እያወቁ ለባንክ ሐሰት መግለጽ በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። ለመቶ ዶላር ብለው እዚያ ውስጥ አይግቡ።

ሌላም አለ። የተገዛው በራስዎ አካውንት ሆኖ በባንክ በኩል ቢያስመልሱት፣ ሻጩ አካውንትዎን ሊዘጋብዎ ይችላል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2022 የጌም ኩባንያውን ኤፒክ ጌምስን ከከሰሰባቸው ነጥቦች አንዱ ይኸው ነበር፤ ክፍያ የተቃወሙ ደንበኞችን አካውንት ይቆልፋል ተብሎ። ፎቶዎችዎ ሁሉ ያሉበት አካውንት ቢቆለፍ ምን ያህል እንደሚጎዱ ያስቡት።

ስለዚህ ዛሬውኑ ይህን ያድርጉ። ስልክዎ ላይ ሴቲንግ ገብተው ከላይ ያለውን ስምዎን ይጫኑ። ወደ ታች ሲወርዱ በአካውንትዎ የገቡ ስልኮችና ታብሌቶች በስም ይታያሉ። አሮጌው ስልክ እዚያ ካለ መልስዎን ወደ ማግኘቱ ተቃርበዋል። ከዚያ «ሪፖርት ኤ ፕሮብለም ዶት አፕል ዶት ኮም» ላይ ገብተው ምን እንደተገዛ ከነቀኑ ይዩ። አፕል ትንንሽ ግዢዎችን በአንድ ላይ ስለሚያስከፍል ድምሩ ባይገጥም አይደንግጡ። ደረሰኞቹ በኢሜይል ይላካሉ። ስልክ የሸጠልዎ ልጅ የከፈተልዎና ከፍተውት የማያውቁት ጂሜይል ካለ፣ እዚያ ይፈልጉ። ሁሉንም ስክሪንሾት ያንሱ፤ የቴሌግራሙንም መልእክት አይሰርዙ።

ግዢው እዚያ ከተገኘ ተመላሹን በዚያው ገጽ ይጠይቁ፤ ልጅ ሳይፈቀድለት ገዝቶት ከሆነም እንደዚያው ይጻፉ። ይህ ምክንያት ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም። በ2014 አፕል ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ ለገዟቸው ነገሮች ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ከኮሚሽኑ ጋር ተስማምቷል። ለእርስዎ ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባም። ቀጥለው አሮጌውን ስልክ ከአካውንቱ ያውጡ፣ ፓስወርድ ይቀይሩ፣ ሰብስክሪፕሽን፣ ማለትም በየጊዜው በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ፣ ካለም ይሰርዙ። አፑን ማጥፋት ብቻ ሰብስክሪፕሽኑን አያቆምም። ካርድ መቀየርም ሁልጊዜ አያስቆመውም፤ አዲሱ ቁጥር በካርድ ድርጅቶቹ በኩል ለነጋዴው ሊተላለፍ ይችላል። ወደ አገር ቤት ሲደውሉ ደግሞ ልጁን ሌባ አይበሉት። ገንዘቡ ከእርስዎ እንደሚቆረጥ ላያውቅ ይችላል።

በእርስዎም ሆነ በቤተሰብዎ አካውንት፣ በተረሳ አሮጌ አካውንትም ጭምር፣ ግዢው ካልተገኘ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ የካርድ ቁጥርዎ በሰው እጅ ነውና አንድ ቀን አይደሩ። በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ይደውሉ እንጂ ጎግል ላይ ባገኙት አይደውሉ። ከዚያ በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ ቅጂውን ያስቀሩ። ባንኩ እምቢ ካለ ውሳኔውን በጽሑፍ ይጠይቁና ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ማመልከት ይችላሉ።

ማጣራቱ አንድ ምሽት እንጂ አንድ ወር አይፍጅ፤ 60 ቀኑ እየሮጠ ነው። ይህ የጻፍኩት አጠቃላይ ምክር ነው፤ ስቴትመንትዎን አላየሁም። ይህን ሲያነቡ ባንክ ሄደው ፈርመው ከሆነ፣ የፈረሙትን ቅጽ ቅጂ ይዘው በዚህ ሳምንት ጠበቃ ያነጋግሩ። አሮጌው ስልክ ዝርዝሩ ላይ ከተገኘ፣ የባንኩ መርማሪ ከመጠየቁ በፊት ማስተካከያ በጽሑፍ ማስገባት ይሻላል፤ ደብዳቤውን ግን ብቻዎን አይጻፉት።