ደመና ሲገባ ኮዴ ይተኛል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። በሜትኦፕ ሳተላይት ላይ ያለው ኢያሲ የተባለ መሣሪያ የሚለካውን የኢንፍራሬድ ጨረር በአርቲቶቭ (ሳተላይት የሚያየውን ጨረር በሚያሰላ ፕሮግራም) እያሰላሁ ነው። ጥርት ያለ ሰማይ ሲሆን ቶሎ ያልቃል። ደመና ሳስገባ ግን ላፕቶፔ ሌሊቱን ሲጮህ አድሮ ጠዋትም አይጨርስም። አማካሪዬ «ትክክለኛው እሱ ነው» ስላሉኝ የጨረሩን መበተን የምፈታው በዲስክሪት ኦርዲኔት (ጨረሩን በተወሰኑ አቅጣጫዎች ከፋፍሎ በሚያሰላ ዘዴ)፣ በ16 አቅጣጫ ነው። ጓደኞቼ ደግሞ «በኒውራል ኔትዎርክ (ከምሳሌ እየተማረ ውጤቱን በሚገምት ፕሮግራም) ተኪው» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል? (ሰ.፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ሰላም ሰ.! የጎንደርን ክረምት ያለ ደመና ማስላትማ ምን ይረባል፤ በርቺ። ኒውራል ኔትዎርኩን ግን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ ጊዜሽን የሚበላው ምን እንደሆነ እንይ።

ጥርት ያለው ሰማይ የፈጠነልሽ ሌሎች ቀድመው ስለለፉልሽ ነው። የውሃ ተን፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድና የኦዞን የመምጠጫ መስመሮች በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። የአርቲቶቭ ሰዎች 83 የተለያዩ የከባቢ አየር ፕሮፋይሎችን (ሙቀትና እርጥበት ከታች እስከ ላይ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳዩ) ወስደው እያንዳንዱን መስመር አስልተዋል። ከዚያ ውጤቱን ወደ ቀላል ቀመር አጠቃለሉት። አንቺ ጋ የሚደርሰው ጥቂት ማባዛትና መደመር ብቻ ነው። እዚህ ክፍል ላይ የምታተርፊው የለም፣ አትንኪው።

ጣጣው የሚጀምረው ደመናው ጨረሩን መበተን ሲጀምር ነው። ጥርት ባለ ሰማይ እያንዳንዱ የአየር ንብርብር ተራውን ጠብቆ ይናገራል፦ ከታች የመጣውን ይመጥጣል፣ የራሱን ይጨምራል፣ ያሳልፋል። መበተን ሲገባ ሁሉም በአንዴ የሚያወራበት የእድር ስብሰባ ይሆናል። ወደ ላይ የሚሄደውና ወደ ታች የሚመለሰው ስለሚደባለቅ ሁሉንም ንብርብር አንድ ላይ መፍታት ግድ ነው። ድካሙ ደግሞ በአቅጣጫዎቹ ቁጥር ኪዩብ ያህል ያድጋል። ከ16 ወደ 8 ብትወርጂ ያ ክፍል ስምንት እጥፍ ገደማ ሊቀልልሽ ይችላል ማለት ነው።

ግን ዲስክሪት ኦርዲኔቱን ከነጭራሹ ልትተዪው ትችያለሽ። ሚንግ-ዳ ቹና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ዘዴ አለ። በኢንፍራሬድ የደመና ቅንጣት ብዙውን ጨረር ይመጥጣል፤ የሚበትነውንም በአብዛኛው ወደ ፊት ነው የሚበትነው። ስለዚህ ወደ ፊት የተበተነውን «ምንም አልነካውም» በይ፣ ወደ ኋላ የተመለሰውን ደግሞ «ተመጠጠ» በይ። ይኼው ነው። የደመናውን የጨረር ውፍረት (ጨረሩን ምን ያህል እንደሚያግድ የሚለካውን ቁጥር) በ (1 − ኦሜጋ + ቢ × ኦሜጋ) አባዢው። ኦሜጋ የሚበተነው ድርሻ ነው፤ ቢ ከዚያ ውስጥ ወደ ኋላ የሚሄደው። ኦሜጋ 0.5፣ ቢ 0.1 ቢሆን ውፍረቱን በ0.55 ታባዢዋለሽ። ከዚያ በኋላ ስሌቱ እንደ ጥርት ሰማይ ከታች ወደ ላይ አንዴ መውጣት ብቻ ነው። አርቲቶቭ ውስጥ ሁለቱም ምርጫ አለ፤ የምትቀይሪው አንድ ቁጥር ነው።

አማካሪሽ ግን ዝም ብለው አልተናገሩም። ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ በሰሜን ተራሮች ላይ ለሚቆለለው ወፍራም ደመና ይህ ዘዴ ብዙ አያሳስብም። (ምሳ ሰዓት ላይ የሜቴኦሳት ምስል ከፍቼ እሱን ማየት ሱስ ሆኖብኛል፤ እዚህ ጀርመን፣ ዳርምሽታት ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል።) በ11 ማይክሮሜትር አካባቢ ሳተላይቱ የሚያየው የደመናውን አናት ሙቀት ነው ማለት ይቻላል። የሚያስቸግርሽ ስስ ሲረስ (ከፍ ብሎ የሚገኝ የበረዶ ቅንጣት ደመና) ነው፤ በዚያ ላይ ወደ 4 ማይክሮሜትር የሚጠጉት ቻናሎች (መሣሪያው ለየብቻ የሚለካቸው ጠባብ የሞገድ ክፍሎች) አሉ። እዚያ መበተን ይበረታል፣ ቀን ከሆነም ፀሐይ ትገባበታለች። ጥቂት መቶ ፕሮፋይል መርጠሽ በሁለቱም ዘዴ አስይና ልዩነቱን በሠንጠረዥ አሳያቸው። አማካሪ በወሬ አይረታም።

ሌላው ጊዜ የሚበላው የደመና መደራረብ ነው። አንዱ ንብርብር 40 በመቶ፣ ሌላው 30 በመቶ ደመና ሲሆን ፕሮግራሙ ደመናዎቹ ሊደራረቡ የሚችሉበትን መንገድ የሚወክሉ ብዙ ዓምዶች ፈጥሮ እያንዳንዱን እንደ አዲስ ያሰላል። ክብደታቸው ከምንም የማይቆጠር ዓምዶችን የሚጥል ገደብ አለ፤ ተጠቀሚበት። ሁሉንም ወደ አንድ ጥርትና አንድ ደመናማ ዓምድ ማጠፍም ይቻላል። እኔ ግን ሌላው ሁሉ ካልበቃሽ በቀር አልመክርሽም፤ የተበጣጠሰ ደመና ላይ ብዙ ያሳስታል።

ደግሞስ የኢያሲ 8461ዱም ቻናል ምን ያደርግልሻል? ጎረቤት ቻናሎች አንድ ነገር ነው የሚደጋግሙት። የምትፈልጊው የደመና አናት ከሆነ ጥቂት ደርዘን ይበቃሻል። ሙሉው ስፔክትረም ግድ ከሆነ ደግሞ ጥቂት መቶ ቻናል ብቻ አስልቶ ቀሪውን በዋና ክፍሎች ትንተና (ብዙ ቁጥሮችን በጥቂት ዋና ቅርጾች በሚወክል ዘዴ) መልሶ የሚገነባ ሞዴል አለ። የናሳው ዡ ሊው የሠራው ከደመናም ጋር ይሠራል።

ወደ ጓደኞችሽ ምክር ስንመጣ፣ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፍሬደሪክ ሸቫሊየ እ.ኤ.አ. በ1998 ለረጅም ሞገድ ጨረር ኒውራል ኔትዎርክ አውጥቶ ነበር፤ የአውሮፓው የአየር ትንበያ ማዕከልም ተጠቅሞበታል። የሞዴሉ ንብርብሮች ሲበዙ ግን ትክክለኛነቱን ማቆየት አስቸገረ። አንቺም ብትሆኚ ኔትዎርኩን የምታሠለጥኚበትን ዳታ የምታመርቺው በዚያው በሚያንቀላፋው ኮድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ቀስቅሺው።